ጥያቄና መልስ፦ «ማሚ፣ ታድያ ተገዝተናል ወይስ አልተገዛንም?»

የካቲትና ሚያዝያ ሲቃረቡ የዚህ አምድ ኢንቦክስ በታሪክ ጥያቄ ይሞላል፣ ዘንድሮም እንደዛው ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ ጨፍልቀን አምስቱን መርጠናል፣ ረዘም ያሉትንም አሳጥረናቸዋል። ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ በኛ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ሃይስኩል ናት፣ ባለፈው የታሪክ ክላስ ላይ አስተማሪዋ የአፍሪካን ማፕ ሲያሳያቸው ኢትዮጵያ በነሱ አቆጣጠር «ከ1936 እስከ 1941 ጣልያን» ተብላ በቀለም ተቀብታለች፣ እሷ እጇን አውጥታ «እኛ እኮ አልተገዛንም» ስትል ክላሱ በሙሉ «ታድያ ይሄ ምንድነው» አላት። እቤት አኩርፋ መጥታ «ማሚ፣ ታድያ ተገዝተናል ወይስ አልተገዛንም? ዋሽተሽኛል እንዴ?» አለችኝ። አባቴ ስለ አድዋ ነበር ሚነግረን፣ አምስቱን ዓመት አንስቶ አያውቅም። ምን ልበላት?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅሽን አልዋሸሻትም፣ ግን የነገርሻት ግማሹን ነው፣ አባትሽም ላንቺ የነገሩሽ ግማሹን ነው። ብዙዎቻችን ስለ ነፃነታችን ስናወራ ከአድዋ ተነስተን ዘለን 1933 ላይ ነው ምናርፈው፣ መሀል ያለውን እንደ ነውር እንሸፍነዋለን። እኔ ደሞ መሸፈኑ ነው ነውሩ ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ስንትና ስንት ሰው ያለቀው እዛ መሀል ነው፣ እሱን ስንዘለው እነሱንም ነው ምንዘላቸው።

የጣልያን ጦር ጦርነት እንኳን ሳያውጅ መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻገረ። መጋቢት 22 ማይጨው ላይ ጃንሆይ ራሳቸው የመሩት ጦር ተሸነፈ፣ ሚያዝያ 24 ጃንሆይ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጡ፣ ሚያዝያ 27 ማርሻል ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ከአራት ቀን በኋላ ሙሶሎኒ ሮም ላይ ቆሞ ኢትዮጵያ የጣልያን ግዛት ሆናለች ብሎ አወጀ። የልጅሽ አስተማሪ ያሳየው ማፕ ያንን አዋጅ ነው በቀለም የቀባው።

መሬት ላይ የነበረው ሌላ ነው። ባዶሊዮ ሲገባ የሀገሪቱ ምዕራብና ደቡብ ገና አልተያዘም፣ ጎሬ ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ነኝ የሚል አስተዳደር ነበር፣ ራስ እምሩ ጥቁር አንበሳ ከሚባለው የአርበኞች ማኅበር ወጣቶች ጋር እስከ 1929 መግቢያ ድረስ ምዕራብ ላይ ተዋግተዋል፣ ራስ ደስታ ዳምጠው ደቡብ ላይ እስከ የካቲት 1929 ቆይተው ነው ተይዘው የተረሸኑት። ክረምቱን ጣልያን አዲስ አበባ ውስጥ ተከቦ ነው የከረመው ማለት ይቻላል፣ ሐምሌ ላይ የራስ ካሣ ልጆችና ሌሎች የሸዋ አርበኞች ከተማዋን አጥቅተዋል፣ ያኔ ነው አቡነ ጴጥሮስ ተይዘው አርበኞቹን አውግዙ ሲባሉ አሻፈረኝ ብለው ሐምሌ 22 በአደባባይ የተረሸኑት።

ከዛ የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የጣልያን እንደራሴ በነበረው ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ለሦስት ቀን አዲስ አበባ ውስጥ የተደረገውን ልጅሽ ዕድሜዋ ከፈቀደ ንገሪያት፣ ሰው በየቤቱ እንዳለ ነው ቤቱ የተቃጠለው፣ መንግሥታችን በኋላ ላይ የሞተውን 30 ሺህ ብሎ ነው ያስመዘገበው። ግንቦት ላይ ደሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተጨፈጨፉ። ጣልያን በዚህ ሰውን ላስፈራራ ብሎ ነበር ግን የተገላቢጦሽ ሆነ፣ እቤቱ ቢቀመጥም እንደሚሞት ያየ ሰው ሁሉ ጫካ ገባ። አበበ አረጋይ ሸዋ ላይ፣ በላይ ዘለቀ ጎጃም ላይ፣ ገረሱ ዱኪ ደቡብ ምዕራብ ላይ፣ ሌሎችም በየአካባቢው፣ ጣልያን ከተማውንና መንገዱን ይዞ ገጠሩ ከእጁ እየወጣ ነው ዓመቶቹ ያለፉት።

ለክላሷ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እነ እንግሊዝና ፈረንሳይ ሳይቀሩ ለጣልያን ወረራ እውቅና ሲሰጡ፣ ያልሰጡ ጥቂት ሀገሮች ነበሩ፣ አሜሪካ፣ ሶቭየት ኅብረት፣ ሜክሲኮ፣ ቻይናና ኒውዚላንድ ከነሱ ውስጥ ናቸው። ልጅሽ አሁን የምትማርበት ሀገር መንግሥት በዛን ጊዜ ያንን የማፕ ቀለም አልተቀበለውም ማለት ነው፣ ይህንን ለአስተማሪዋ ትንገረው።

መጨረሻውንም ሳታሳምሪ ንገሪያት። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ የሱዳንን ድንበር ተሻግረው ሲገቡ እንግሊዞች አብረው ነበሩ፣ ከኬንያና ከሱዳን በኩል የመጣው ትልቁ ጦርም የእንግሊዝ ነው፣ እሱ ባይመጣ ነገሩ ስንት ዓመት ይፈጅ እንደነበር ማን ያውቃል። ግን እንግሊዝ ሲመጣ ያገኘው አምስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ፣ ከምሽጉ ለመውጣት ኮንቮይ የሚያስፈልገውን ጣልያን ነው። ጃንሆይ አዲስ አበባ የገቡት ባዶሊዮ በገባበት ቀን፣ ሚያዝያ 27፣ ልክ በአምስተኛው ዓመት ነው። ከዛ በኋላ እንግሊዞቹም ቶሎ አልወጡም፣ በ1934 እና በ1937 ሁለት ስምምነት ተፈርሞ ነው ሥልጣኑ ቀስ በቀስ የተመለሰው፣ ኦጋዴንና ሐውድ ሙሉ በሙሉ እስኪመለሱ ደሞ ሌላ አስር ዓመት ገደማ ወስዷል። ስለዚህ እኔ ብሆን ምላት «ተወረርን፣ ዋና ከተማችን ተያዘች፣ አንድም ዓመት ሳናርፍ ተዋጋን፣ አስወጣን» ነው። ይህንን ይዛ ክላስ ብትገባ ማንም ማፕ አያሳፍራትም።

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ቲክቶክ ላይ ሁለት ዓይነት ቪዲዮ ነው ያለው፣ አንዱ «አባቶቻችን በባዶ እግራቸው በጦርና በጋሻ ዘመናዊ ጦር አሸነፉ» ይላል፣ ሌላው ደሞ «ጣልያን ካርታ ተሳስቶበት ነው እንጂ አታሸንፉም ነበር» ይላል። የቱ ነው ትክክል? ደሞስ አድዋ ላይ አሸንፈን ለምን ከ40 ዓመት በኋላ ማይጨው ላይ ተሸነፍን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በባዶ እግር የሚለው እውነት ነው። በጦርና በጋሻ ብቻ የሚለው ግን ለአባቶቻችን ክብር የሚሰጥ እየመሰለ ሥራቸውን ይቀማቸዋል። አድዋ የዘመተው ከ80 እስከ 100 ሺህ የሚገመት ጠመንጃ የያዘ ጦር ነው፣ ጦርና ጎራዴ ብቻ የያዘው ከዛ በተጨማሪ ነው፣ መድፍም ነበረን። ያ ጠመንጃ ከሰማይ አልወረደም። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ እያሉ ጀምሮ ከፈረንሳዩም ከሌላውም፣ ከጣልያን ራሷ ሳይቀር ሲገዙና ሲያጠራቅሙ የኖሩት ነው፣ ሐረር ከተያዘ በኋላ ደሞ ራስ መኮንን እዛ ተቀምጠው በጅቡቲ በኩል የሚገባውን ይቆጣጠሩ ነበር።

ጠመንጃው ብቻ አይደለም። ዘመቻው የታወጀው መስከረም 1888 ነው፣ የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ተባለ፣ ሌላውም በየመንገዱ እየተቀላቀለ እስከ የካቲት ድረስ በእግር ሄዷል። ይህ የሆነው ከክፉ ቀን ማግስት ነው፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ የከብት በሽታ በሬውን ጨርሶት፣ ሀገሩ በረሃብ አልቆ ገና ማገገም ሲጀምር። በዚህ ሁኔታ ያንን ሁሉ ሰው በሶና ቆሎ አስይዞ፣ በቅሎና አህያ ጭኖ፣ እንጨትና ውሃ የሚያመላልሱ፣ ምግብ የሚያሰናዱ፣ ቁስለኛ የሚያነሱ ሴቶች አስከትሎ ትግራይ ማድረስ ማለት ዛሬ ሎጂስቲክስ ምንለው ነገር ነው፣ እኔ ከጦርነቱ ራሱ ይልቅ ይሄ ነው ሁሌ ሚያስደንቀኝ።

ፖለቲካውም ሥራ ነበር። ራስ መንገሻ ዮሐንስ የአፄ ዮሐንስ ልጅ ናቸው፣ ዙፋኑ ለኔ ይገባል ብለው ዓመታት ከምኒልክ ጋር ተኳርፈዋል፣ ጣልያንም በዛ ኩርፊያ ለመጠቀም ብዙ ደክሟል። በ1886 ግን ራስ አሉላንም ይዘው አዲስ አበባ መጥተው ድንጋይ ተሸክመው ታረቁ። ያ እርቅ ባይኖር አድዋ ላይ የቆመው ጦር ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

መቀሌ ላይ የሆነውንማ ሳልነግርህ አላልፍም። ኅዳር 28 አምባላጌ ላይ የሜጀር ቶዜሊ ጦር ከተደመሰሰ በኋላ ሜጀር ጋሊያኖ መቀሌ እንዳ ኢየሱስ ላይ ምሽግ ይዞ ተቀመጠ። የኛ ሰው ፊት ለፊት እየሮጠ ምሽጉን ለመስበር ሞክሮ ብዙ አለቀ፣ ድንጋዩም ሽቦውም መድፉም አላስጠጋ አለ። የውሃው ምንጭ ግን ከምሽጉ ውጪ፣ ወደ ታች ነበር። እቴጌ ጣይቱ ያንን አይተው ምንጩ ይያዝ አሉ፣ ሰዎቻቸው ሄደው ያዙት፣ ሊያስለቅቃቸው የመጣውንም መለሱት። ከዛ በኋላ ተኩስ አላስፈለገም፣ ምሽጉ ውስጥ ውሃ በልክ እየተሰፈረ፣ ከብቶቹ በጥም እየወደቁ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ጋሊያኖ እጁን ሰጠ። ምኒልክ ከነመሣሪያቸው ለቀቋቸው፣ በጊዜው ብዙ መኳንንት ተናደዋል፣ ግን እነሱን እንሸኝ እየተባለ የኛ ጦር ሳይነካ ወደ አድዋ አቅጣጫ ዞሯል። ጋሊያኖ ራሱ በኋላ አድዋ ላይ ሞቷል።

አሁን ወደ ካርታው። እውነት ነው ጄኔራል አልበርቶኒ የያዘው ንድፍ ካርታ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ አሳስቶት ከሌሎቹ ብርጌዶች ተነጥሎ ብዙ ኪሎ ሜትር ወደፊት ሄዶ ሲነጋ የኛ ሰፈር አፍ ላይ ተገኘ። ግን ለምን በሌሊት ወጡ ብለህ ጠይቅ። የጣልያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ሳውርያ ላይ ተቀምጦ ስንቁ እያለቀበት ነበር፣ የኛም ስንቅ እያለቀ ነበር፣ ጥቂት ቀን ቢጠብቅ ምኒልክ በረሃብ ምክንያት ሊመለሱ ይችሉ ነበር። ከሮም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቴሌግራም ይነዘንዘዋል፣ ጄኔራሎቹ እንምታ አሉ፣ በዛ ላይ ባሻ አውዓሎም የሚባለው የኛ ሰላይ የምኒልክ ጦር ለእህል ፍለጋና ለአክሱም ጽዮን ተበትኗል ብሎ ነገራቸው ይባላል። የካቲት 23 ሲነጋ ግን ጦሩ እዛው ነበር። ወደ 17 ሺህ 700 ሰውና 56 መድፍ ይዘው የመጡት መድፉን በሙሉ ትተው፣ ወደ 6 ሺህ ሰው ሞቶባቸው፣ ሁለት ጄኔራል ሞቶባቸው፣ አልበርቶኒ ራሱ ተማርኮባቸው ነው የሄዱት። ከኛም በሺዎች አልቀዋል፣ ፊታውራሪ ገበየሁ ከነሱ አንዱ ናቸው። ካርታው ስህተቱን አባሰው እንጂ የተሳሳተን ጠላት በዛች ሰዓት ለመቅጣት መዘጋጀትና መገኘት ያስፈልጋል።

ማይጨው ላይ የተለየው ምንድነው ካልከኝ፣ አድዋ ላይ ጠመንጃ ከጠመንጃ ነው የተገናኘው፣ በ1928 ግን ልዩነቱ ሰማይና ምድር ሆኗል። ጣልያን በመቶዎች የሚቆጠር አውሮፕላን ይዞ ሲመጣ የኛ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ እነሱም ለመዋጋት የማይሆኑ። የመሣሪያ ግዢያችን በነእንግሊዝና ፈረንሳይ ማዕቀብ ተይዟል፣ የጃንሆይን የሬዲዮ መልእክት ጣልያን እየጠለፈ ያነበዋል፣ ከሁሉ በላይ ደሞ የመርዝ ጋዝ አለ። ጣልያን በ1925 በነሱ አቆጣጠር ጋዝ አልጠቀምም ብላ ጄኔቫ ላይ ፈርማ ነበር፣ ከታኅሣሥ 1928 ጀምሮ ግን ተከዜ አካባቢ ማፍሰስ ጀመረች፣ ከማይጨው በኋላም አሸንጌ ሐይቅ ዳር እየሸሸ ባለው ሰው ላይ ከላይ እንደ ዝናብ ተረጭቷል። ቆዳው እየተላጠ ዓይኑ እየጠፋ የሄደው ሰው ፈሪ ስለነበር አይደለም የተሸነፈው። ጃንሆይ ሰኔ 23 ጄኔቫ ላይ ቆመው ለዓለም የተናገሩት ስለዚህ ነው፣ ሰሚ አላገኙም።

ጥያቄ፦ ከለንደን ነው ምጽፈው። ወላጆቼ አስመራ ነው የተወለዱት፣ የአያቴ አባት አስካሪ፣ ማለት ለጣልያን የተቀጠረ የሀገሬው ወታደር ነበር፣ አድዋ ላይ ከጣልያን ጋር ተሰልፏል። የካቲት 23 ሲመጣ ጓደኞቼ ደስ ብሏቸው ሲያወሩ ድንገት «ባንዳ» የሚለው ቃል ይመጣል፣ እኔ ዝም ነው ምለው። ይህ በዓል የኔ አይደለም ማለት ነው?

መልስ፦ ያንተም ነው ወንድሜ። ዝም ማለትም የለብህም።

አድዋ ላይ መጀመሪያ የተመታው የአልበርቶኒ ብርጌድ በብዛት አስካሪ ነበር፣ በሺዎች ሞተዋል፣ እነሱም የዚሁ ምድር ልጆች ናቸው። ከተማረኩት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል፣ በጊዜው የከዳተኛ ቅጣት ተብሎ ነው፣ የጣልያን ምርኮኞች ግን አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ውሉ ሲፈረም ወደ ሀገራቸው ተመልሰዋል። ይህንን ስናከብር መናገር ይከብደናል ግን ሆኗል፣ የተቆረጡት ሰዎችም ልጅና የልጅ ልጅ አላቸው።

ለምን አስካሪ ሆኑ ስንል በክፉ ቀን ቤተሰቡ አልቆ ደመወዝ የሚከፍል ጣልያን ብቻ የሆነበት ሰው ብዙ ነው። ሁሉም ደሞ እዛው አልቀረም። ባህታ ሐጎስ ጣልያንን ያገለገለ ሰው ነበር፣ የሕዝቡ መሬት ለጣልያን ሰፋሪ እየተወሰደ መሆኑን ሲያይ ታኅሣሥ 1887 አከለ ጉዛይ ላይ ተነሳ፣ ሐላይ ላይም ተገደለ፣ ይህ ከአድዋ አንድ ዓመት በፊት ነው። ራስ ስብሐትና ደጃዝማች ሐጎስ ተፈሪ ከጣልያን ጋር ነበሩ፣ አድዋ ሊደርስ ሳምንታት ሲቀሩት ከዱና የጣልያንን የስንቅ መንገድ መምታት ጀመሩ፣ ባራቲዬሪ ሳውርያ ላይ ስንቅ ያጠረበት በነሱም ምክንያት ነው። ከላይ የጠቀስናቸው አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ሁለቱም ኤርትራ ነው የተወለዱት፣ አብርሃ ጭራሽ የጣልያን ቢሮ ሠራተኛ ነበር። በ1928ም ከጣልያን ጦር ከድተው ከኢትዮጵያ ጎን የተሰለፉ አስካሪዎች ጥቂት አይደሉም።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሆነ ቀን አንተ ዛሬ የምታፍርበት ቦታ ላይ የነበሩ ናቸው። ባንዳ የሚለውን ቃል ጠላት መንደር አቃጥሎ ሲሄድ መንገድ ለመራው ሰው እናስቀምጠው፣ ከ130 ዓመት በኋላ ለንደን ለተወለደ ልጅ የሚወረወር ቃል አይደለም። ጓደኞችህ ሲያነሱት ስለ ባህታ ሐጎስ ንገራቸው፣ ብዙዎቹ ሰምተው አያውቁም።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። የደብረ ማርቆስ ሰው ነኝ፣ ዕድሜዬ ሰማንያን አልፏል። እናቴ ነፍሷን ይማርና የውስጥ አርበኛ ነበረች፣ በመሶብ ሥር ጥይት ደብቃ ከከተማ ታወጣ እንደነበር ትነግረን ነበር። ሜዳልያም ወረቀትም የላትም። ልጆቼ ውጭ ናቸው፣ የልጅ ልጆቼ እንዲያውቋት በጽሑፍ ላስቀምጥ ብዬ እውነት መሆኑን በምን ላሳይ?

መልስ፦ አባታችን፣ ዕድሜ ይስጥልን። የእናትዎ ነገር እውነት እንዳይሆን የሚያደርግ ምንም የለም፣ የውስጥ አርበኛ ሥራ ወረቀት እንዳይኖረው ሆኖ ነው የተሠራው፣ ወረቀት ያለው ይሰቀል ነበር። ጫካ ያለው አርበኛ ጥይቱም መድኃኒቱም ጨውም ወሬውም ከከተማ ነበር ሚመጣለት፣ ይህንን ያደረሱት ደሞ በብዛት ጣልያን ልብ የማይላቸው ሴቶች፣ ቄሶች፣ ነጋዴዎችና ለጣልያን ቢሮ የሚሠሩ ጸሐፊዎች ናቸው። ስማቸው የታወቀው ጥቂት ነው። ሸዋረገድ ገድሌ አዲስ አበባ ውስጥ ይህንን ሲያደርጉ ተይዘው ተገርፈው ጣልያን ሀገር አሲናራ ደሴት ድረስ ተወስደው ታስረዋል፣ ከተመለሱም በኋላ አልተዉትም። ስንዱ ገብሩም ጎሬ ላይ ከጥቁር አንበሶቹ ጋር ነበሩ፣ እሳቸውም አሲናራ ታስረው ተመልሰው በኋላ የፓርላማ አባል ሆነዋል።

ከነፃነት በኋላ ብዙ አርበኛ ዝም ያለበት ምክንያትም አለ፣ እርስዎ የጎጃም ሰው ስለሆኑ ከኔ ይበልጥ ያውቁታል። ሹመቱ ለጣልያን ያደሩትም ዘንድ ደርሷል፣ በላይ ዘለቀ ደሞ በ1937 አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ነው የሞተው። ያንን ያየ ቤተሰብ ታሪኩን ለልጁ እንኳን በሹክሹክታ ነበር ሚያወራው። ስለዚህ የሜዳልያ አለመኖር ምንም አያሳይም።

ሲጽፉ ዓመተ ምሕረቱ ቢጠፋብዎ አይጨነቁ፣ እናትዎ በምን በዓል ሰሞን፣ የማን ጦር ጎረቤት ሳለ፣ ከየትኛው በር ወጥታ ወዴት እንደምትሄድ ነበር ሚሏችሁ? እሱን እንዳለ ያስቀምጡ፣ በነማን በኩል ታደርስ እንደነበር የሚያስታውሱትን ስም ሁሉ ይጻፉ። ከዛ የዛ ሰው ቤተሰብ ዛሬ ካለ አንድ ልጅ ይላኩና ይጠይቁ፣ ሁለት ቤት ሳይነጋገሩ አንድ ነገር ካሉ ትልቅ ማስረጃ ነው። በድምፅም ይቅረጹት፣ ስልክ ላይ ያለው መቅጃ ይበቃል፣ የልጅ ልጆችዎ የሚፈልጉት የእርስዎን ድምፅም ነው። ቅጂውን ለአርበኞች ማኅበርና ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ለወመዘክር ቢሰጡ ደሞ ለሌላውም ይተርፋል። እኛም ቢልኩልን በደስታ እናትመዋለን።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው ምሠራው፣ ለየካቲት ፈቃድ አግኝቼ አዲስ አበባ እመጣለሁ፣ ሁለት ልጆቼ አያታቸው ጋር ናቸው፣ 9 እና 12 ዓመታቸው ነው። ብዙ ገንዘብ ሳላወጣ ይህንን ታሪክ በዓይናቸው የት ላሳያቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ከስድስት ኪሎ ጀምሪ። አደባባዩ መሀል ያለው የየካቲት 12 ሐውልት ዙሪያውን በነሐስ የተቀረጸ ሥዕል አለው፣ የሆነውን ሁሉ እዛ ላይ ያያሉ፣ ለትንሿ ልጅ ከበዳት እጇን ይዘሽ ቶሎ እለፊ። ከዛ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ግቡ፣ በር ላይ መታወቂያ ስለሚጠየቅ ያዢ። ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ያለበት ቤት ያኔ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ነው፣ ቦምቡ የተወረወረው እዛ ነው፣ ውስጡ ሙዚየም አለው። ከቤቱ ፊት ለፊት ወደ ላይ የሚጠመዘዝ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል፣ የትም የማያደርስ። ፋሺስቶቹ ናቸው የሠሩት፣ እያንዳንዱ እርከን ሙሶሎኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን አንድ አንድ ዓመት ነው የሚቆጥረው። ጣልያን ከወጣ በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ልጆቹ እርከኖቹን ይቁጠሯቸው፣ የት ላይ እንደቆመ ራሳቸው ያገኙታል።

ፒያሳ ላይ ደሞ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የምኒልክ ሐውልት አለ፣ ጣልያን ነቅሎት ነበር፣ ከነፃነት በኋላ ነው ቦታው የተመለሰው። በ2016 የተከፈተው የአድዋ ድል መታሰቢያ እዛው አጠገብ ነው፣ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም በእግር ይደረሳል። በታክሲ ስትመለሱ ሜክሲኮ ካለፋችሁ አደባባዩ ለምን በዛ ሀገር ስም እንደተጠራ ንገሪያቸው፣ ወረራውን አንቀበልም ካሉት አንዷ ስለሆነች ነው፣ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥም በኢትዮጵያ ስም የተጠራ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ።

የካቲት 23 ቀኑን ራሱ ፒያሳ መሆን ከፈለግሽ ጠዋት በጊዜ ውጪ፣ መንገድ ይዘጋል። ከታች ከቸርችል ጎዳና በኩል በእግር ብትወጡ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ አለ፣ የ12 ዓመቱ ልጅሽ እዛ ላይ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም፣ ስለ መቅደላ ቀድመሽ ትንሽ አንብቢ። ለትንሿ ውሃና ኮፍያ አትርሺ፣ ፀሐዩ ከአራት ሰዓት በኋላ ይበረታል።